ጠመኔና የማይደበዝዘው ስዕል

ወንድሜን ሰው ሁሉ ጠመኔ ይለዋል። በልጅነቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስዕል እንዲስል መምህሮቹ የሚጠሩት እሱን ስለነበር፣ ጣቶቹ ነጭ ሆነው፣ ሱሪው ላይ ነጭ የመዳፍ ምልክት ታትሞ ነበር ወደ ቤት የሚመለሰው። እናታችን «ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት ነው የሚውለው ወይስ ወፍጮ ቤት?» ትል ነበር። ስሙ በዚያው ጸና። ፀጉሩ ራሱ ጠመኔ ከመሰለ በኋላም ሰፈሩ በሌላ ስም አያውቀውም።

ሥራው ስዕል ነው፤ ለጌጥ የሚሰቀለው ዓይነት ግን አይደለም። በአንድ የነርሶች ማሠልጠኛ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠሉትን ትልልቅ የአካል ስዕሎች ይሠራ ነበር፤ የልብ ክፍሎችን፣ የእጅ አጥንቶችን፣ ሕፃን በማኅፀን ውስጥ የሚተኛበትን አኳኋን። ሸራውን ወለል ላይ ዘርግቶ ተንበርክኮ ይሠራል። አንድ ልማድ ነበረው። ትንሽ ከሠራ በኋላ ሸራውን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና፣ ጀርባው ከማዶው ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚያ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። «ቅርብ ሆነሽ ስታዪው ሁሉም ቆንጆ ነው። ስህተቱ የሚታይሽ ራቅ ስትዪ ነው» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ወደ ኋላ ሲሄድ ተረከዙን የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነከረና ሳያውቀው ኮሪደሩን አቋርጦ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ተማሪዎቹ ቀይ ዱካውን ሲያዩ ሰው የቆሰለ መስሏቸው ፋሻ ይዘው ተከተሉት።

ማሠልጠኛው ትምህርቱን በኢንተርኔት መስጠት ሲጀምር ያ ግድግዳ ባዶውን ቀረ። አዲሶቹ ተማሪዎች ሩቅ ሩቅ ቦታ፣ ትንንሽ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። በሽተኛ ቀለል ሲልላቸው ስልካቸውን ከፍተው ይማራሉ። ለእነሱ ሸራ ጠቅልሎ መላክ አይቻልም። የክፍሉ ኃላፊ ወንድሜን ጠርቶ «ኮምፒውተር ላይ መሳል ትችላለህ ወይስ ወጣት እንቅጠር?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። «እችላለሁ» ብሎ መጣና ገና በሩ ላይ ቆሞ፣ «እታለም፣ ዋሽቼ መጣሁ» አለኝ። እታለም የሚለኝ እኔን ነው፤ ታላቅ እህቱ ነኝ።

ያስተማረችው የኮርሱን ጽሑፍ የምታዘጋጀው መምህርቷ ናት። ራሷም ነርስ ናት፤ ትዕግሥቷ የሚገርም ነው። ማውሱን ሲይዘው «ይሄ ነገር እንደ ሳሙና ያንሸራትተኛል» ሲላት፣ «ጋሼ፣ ብሩሽም እኮ ሲጀምሩት ያንሸራትት ነበር» ትለዋለች። ዓመት ሳይሞላ እጁ ለመደው። ማሠልጠኛውም ኮምፒውተሩን ቤት ወስዶ እንዲሠራ ፈቀደለት።

ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍልና ሁለት መኝታ ነው። በሰፊው ክፍል መስኮቱ ሥር የሱ ጠረጴዛ አለ። ከሱ በስተጀርባ ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሐል ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጫፍ እዘመዝማለሁ። ስለዚህ ሥራውን በደንብ አውቀዋለሁ ባልልም፣ ሲሠራ ግን ሁልጊዜ አየዋለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ደስታው ልዩ ነበር። «ፎቶ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው» አለን አንድ ቀን ወደ እኛ ዞሮ። «ስታሰፊው ነጥቦቹ ያፈጣሉ፣ መልኩ ይደበዝዛል። ይሄ ኤስቪጂ የሚሉት ግን ስዕሉን አይደለም የሚይዘው፤ አሣሣሉን ነው። ከዚህ ተነሥ፣ እንዲህ ታጠፍ፣ እዚህ ጋ ቁም፣ ውስጡን ቀይ ቀባው ይላል። ስልኩ ራሱ በታዘዘው መሠረት እንደገና ይስለዋል። ጥፍር ቢያክል፣ ግድግዳ ቢያክል መስመሩ ያው ነው።»

ሚስቱ ቀና ሳትል፣ «ታዲያ እንደ ቅድ ወረቀት ነው በለና። ልብሱ አይደለም፤ ልብሱ የሚወጣበት ነው» አለችው።

«እንዴት ገባሽ እባክሽ!»

«ጠዋት ማታ አንተን ስሰማ ግድግዳውም ገብቶታል።»

«ደግሞ ክብደት የለውም» አለ ቀጥሎ። «እዚያ ኔትወርኩ ክር በሆነበት አገር ፎቶ እስኪከፈት በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል። ይሄ ግን ብልጭ ብሎ ነው የሚመጣው።»

ስኳር አለበት ወንድሜ። መድኃኒቱን አንድ ቀን ይወስዳል፣ አንድ ቀን ይዘነጋል። የዓይን ሐኪሙ ከዓይኑ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች እየደሙ መሆናቸውን ነግሮት፣ ለሕክምና ተመልሶ እንዲመጣ ቀጥሮት ነበር። «ይሄን ኮርስ ልጨርስ» ይላል። ኮርሱ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ለሚስቱ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላት እሱ ነበር፤ ተወው። «ክሩ ነው የወፈረው» አላት። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው አፍ ላይ አድርጎ፣ ሲያቃጥለው ማቆም ጀመረ። ሰው ከመንገድ ማዶ ሰላም ሲለው ድምፁን እስኪሰማ ድረስ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል።

ያኔ ነው ያ የማይደበዝዝ ስዕል መደበቂያው የሆነው። ዓይኑ እየደከመ በሄደ ቁጥር ስዕሉን ያሰፋዋል። አንድ የእጅ ስዕል ሲሠራ እጁ ሙሉ አይታይም፤ አንድ ጣት፣ ቆይቶ አንድ ጥፍር ብቻ የኮምፒውተሩን ፊት ይሞላዋል። መስመሩ ግን ጥርት እንዳለ ነው። አፍንጫውን ሊያስነካው ምንም አይቀረው።

«ሰውዬው፣ ልትስማት ነው እንዴ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«እሷ ቢያንስ ክር አስገባልኝ አትለኝም።»

አንዴ ሚስቱ ቀልዱን ትታ፣ «ለምን ለመምህርቷ አትነግራትም?» አለችው። ማውሱን አስቀመጠ። «ጠመኔ ማየት አቃተው ከተባለ በነጋታው ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ነው ያለው። እኔ ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ? በር ልጠብቅ? እሱም ዓይን ይፈልጋል።» ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ስለ ዓይኑ ለማንም ትንፍሽ እንዳንል አስማለን። ራቅ ብሎ ማየቱን ትቶት እንደነበር ያኔ አላስተዋልኩም። ስዕሉን አሳንሶ ሙሉውን ቢያየው የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነበር። ስለዚህ አያሳንሰውም።

መርፌ አወጋግን የሚያስተምር ኮርስ መጣ። ከስዕሎቹ አንዱ መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። መቀመጫውን አራት ቦታ የሚከፍል መስቀለኛ መስመር አለ። መርፌው የሚያርፈው በላይኛው፣ በውጪው ሩብ ላይ ነው። ከሱ ዝቅና ወደ ውስጥ ከተባለ ወደ እግር የሚወርደው ወፍራም ነርቭ አለ። ወንድሜ ስዕሉን ሠራ፤ መምህርቷ አየችው፤ ልክ ነው ብላ ፈረመችበት። ጥቂት ቆይቶ ተማሪዎቹ ስዕሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ስልክ ላይ አነሰብን አሉና፣ ፊደሉን ብቻ አተልቅልን ተባለ። አተለቀው። ፊደል ብቻ ስለሆነ ማንም መልሶ አላየውም።

መምህርቷ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች። ሌላ ጊዜ ስትመጣ ከሚስቱ ጋር ስለ ልብስ ታወራ ነበር፤ ያን ቀን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንዲት ሕፃን ተወግታ እግሯ ሰልሏል» አለች። «ከተማሪዎቻችን አንዷ ናት የወጋቻት። ገና ጀማሪ ናት። ስዕሉ ላይ ያለበት ቦታ ነው የወጋሁት ብላ ድርቅ ብላለች። ጉዳዩን የሚመረምረው ኮሚቴ ደግሞ ልጅቷ ሳታነብ ነው የወጋችው ብሎ ከሥራ ሊያሰናብታት ነው።»

ወንድሜ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«እኔም ስልኬ ላይ አየሁት። ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ። ግን መርፌው ከመስቀሉ ላይኛው ሩብ ውስጥ ነው ያለው፤ ራሴን ተጠራጠርኩ። እስቲ እርስዎ ይዩት።» ስልኳን ዘረጋችለት።

ስልኩን ተቀበላት። ከፊቱ ትንሽ ራቅ አድርጎ ያዘው፤ ደህና የሚያይ ሰው እንደሚያደርገው። እኔ የልብሱን ጫፍ ይዤ እጁን ነበር የማየው። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ልክ ነው» አላት።

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? እርስዎ ልክ ነው ካሉኝ እኔም ልክ ነው ብዬ ነው የምጽፍላቸው።»

«ልክ ነው አልኩሽ እኮ ልጄ።»

አመስግናው ሄደች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ወንድሜ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ስዕሉን ከፈተና፣ «እታለም፣ እስቲ ነይ» አለኝ። «መርፌው የት ነው ያረፈው?»

አየሁት። ስላፈርኩ መጀመሪያ ገረፍ አድርጌ ነው ያየሁት። «እንዴት ብዬ ልንገርህ? እኔ የቦታውን ስም አላውቅም» አልኩት።

«እኔ ላይ አሳዪኝ።» ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠኝ።

«ኧረ አንተ ሰው!»

«ወንድምሽ ነኝ። ልጅ ሆኜ አጥበሽኛል። አሳዪኝ።»

ስዕሉን አየሁ፣ እሱን አየሁ። ጣቴን በሱሪው ላይ ቀስ አድርጌ አሳረፍኩት።

«ደግመሽ እዪና እንደገና አሳርፊ።»

አንሥቼ አየሁ። እንደገና አሳረፍኩ። እዚያው ነበር። ጣቴን በእጁ ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ዳሌው አጥንት አወጣውና «እዚህ አይደለም?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«አይደለም። ታች ነው፤ ወደ መሐል።»

ሚስቱ ቀድዳ ያስቀመጠችው ጨርቅ ላይ ቁጭ አለ። ጨርቁ ላይ ስፒሎች ተሰክተውበት ነበር። አንዱ እንኳ የወጋው አልመሰለም።

እንዴት እንደሆነ ለራሱም ሲገባው ነገረን። ስዕሉን አስፍቶ ሲሠራ ገጹን ወዲያ ወዲህ ማንሸራተት አለበት። ለዚያ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ካልተጫነው የሚሄደው ገጹ ሳይሆን የተያዘው ስዕል ነው። መስቀሉን፣ መርፌውን፣ የሚወጋበትን ቦታ የሚያሳየውን ቀይ ነጥብና ጽሑፉን እንዳይበታተኑበት አንድ ላይ አስሯቸው ነበር። ፊደሉን ባተለቀ ጊዜ ቁልፉን ሳይጫን ሲጎትት ሁሉም አብረው ወደ ታች፣ ወደ ውስጥ ሄዱ። መርፌው ከመስቀሉ አንጻር ልክ ነው፤ መስቀሉ ራሱ ነው ገላው ላይ ቦታውን የሳተው። እሱ ይሠራበት በነበረው መጠን ደግሞ ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት የቆዳ ቀለም ነበር። የሄደው ገጹ ይሁን ስዕሉ የሚለይበት ምንም አልነበረም።

ሚስቱ አጠገቡ ተንበረከከች። «ታዲያ አሁን መልሰው። መልሰህ ላከው። ያንተ ስዕል ሲታረም በየስልኩ ይታረማል አላልክም? ማን ያውቃል?»

«ልጅቷስ? ያቺ ጀማሪዋ?»

«ነርቭ ያለበትን አለማወቋ ጥፋት አይደለም? ያንተ ብቻ ነው?» አለችውና አለቀሰች። ክፉ ሰው አይደለችም። ለሱ ነበር የፈራችው።

ወንድሜ ተነሥቶ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ። ሊመልሰው ሞከረ። ይጎትትና «አሁንስ?» ይለኛል። «ትንሽ ወደ ላይ» እለዋለሁ። «አሁንስ?» «ኧረ አለፈ መሰለኝ።» እኔ ምን አውቄ! ሲያሰፋው ቆዳ ብቻ ነው፤ ሲያሳንሰው ጭጋግ። መጨረሻ ላይ ማውሱን ገለበጠውና ሆዱ ላይ የሚያበራውን ቀይ ብርሃን ሲያይ ቆየ።

«የት እንደማስቀምጠው አላውቅም» አለ። «ሁለተኛ ልጅ ላበላሽ ነው።»

በማግሥቱ አብሬው ሄድኩ፤ የአውቶቡሱን ቁጥር ማንበብ አይችልም ነበር። ማሠልጠኛው ኮሪደር ላይ ያለች አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ኃላፊው ቢሮ ገባ። መምህርቷም ተጠርታ መጣች። በሩን ገርበብ አድርገውት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ስዕሉ ስህተት ነው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።»

መምህርቷ፣ «ጋሼ፣ ትናንት ልክ ነው አሉኝ እኮ» አለች። «ስልኬን ይዘው አይተው...»

«አላየሁትም ልጄ።»

«እኔ እኮ ጽፌ ሰጠሁ! ልጅቷ ትናንት ማታ የስንብት ወረቀቷን ተቀብላ ሄዳለች!»

ኃላፊው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። «ማየት ካቆምክ በኋላ ስንቱን ስዕል ነው የነካኸው?» ብሎ ጠየቀው።

«አላውቅም።»

«በግምት።»

«ጌታዬ፣ አላውቅም። ቀስ በቀስ ነው የሄደብኝ። ከየትኛው ጀምሮ እንደሆነ ብነግርህ መዋሸት ነው።»

ስለዚህ የሱ እጅ ያረፈበት ስዕል በሙሉ ከኮርሶቹ እንዲነሣ ታዘዘ፤ ደህናውም፣ ገና ዓይኑ ጤነኛ ሳለ የሠራቸው የልብና የሳንባ ስዕሎችም ጭምር። አንድ በአንድ የሚመረምር ሰው እስኪገኝ ድረስ ነው ተባለ። መምህርቷ በኋላ ለሚስቱ እንደነገረቻት፣ በየጤና ጣቢያው ያሉት ተማሪዎች ትምህርቱን ሲከፍቱ ስዕሉ በነበረበት ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ነው የሚያገኙት፤ ከሥሩ «ከላይ ያለውን ስዕል ተመልከት» የሚል ጽሑፍ ብቻ አለ። እሷም ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ያቺን ጀማሪ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ደወሉላት፤ ስልኳን ዘግታለች። ቤተሰቦቿ ዘንድ ሰው ተላከ፤ ሁለተኛ መርፌ አልይዝም አለች አሉ።

ኮምፒውተሩን ሁለት ወጣቶች መጥተው ወሰዱት። ወንድሜ ገመዱን ራሱ ጠቅልሎ አስረከባቸው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ልብሱን ለብሶ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። ሚስቱ ቅዱን ዘርግታ ልትቆርጥበት ጠረጴዛውን ትፈልገው ነበር፤ ግን ተነሥልኝ አላለችውም፤ ወለሉ ላይ መቁረጥ ጀመረች።

አንድ ቀን «ልጅቷን ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ቤቱን መምህርቷ ነገረችን። ረጅም መንገድ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ለውጠን ደረስን። ጎማ ከሚጠግን ሰው ሱቅ ጀርባ ያለች፣ ወለሏ ሲሚንቶ የሆነ አንድ ክፍል ናት። የልጅቷ እናት ወንበር አቀረበችልን፤ ከጤና ቢሮ የመጣን መስሏታል። እጇ በሳሙና አረፋ እርጥብ ስለነበር በቀሚሷ እየጠረገች፣ «ቁጭ ይበሉ አባቴ፣ ይቀመጡ እማማ» አለችን።

ወንድሜ ቆሞ ቀረ። «ስዕሉን የሠራሁት እኔ ነኝ» አላት። «ልጅሽን የወጋቻት ነርስ ያየችውን ስዕል።»

ሴትዮዋ አልገባትም። እኔን አየችኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ቀስ በቀስ ሲገባት ፊቷ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም።

«እሺ። ምን ልታዘዝዎ ታዲያ?» አለች።

«ልጅቷን ላያት ነበር።»

«ይዩዋት» አለችና ወደ ጓሮው ተጣራች። «ነይ እስቲ! ሰው ሊያይሽ መጥቷል!»

ልጅቷ ገባች። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ ሁለት ቦታ ተጎንጉኗል። እናቷ ዘንድ ለመድረስ ክፍሉን ማቋረጥ ነበረባት። አንዱ እግሯ በልስላሴ ያርፋል፤ አይሰማም። ሌላኛው ጣቶቹ ወደ ታች ስለሚንጠለጠሉ ከፍ አድርጋ ታነሣውና ሲያርፍ ሲሚንቶውን በጥፊ እንደመታ ጧ ይላል። ዝም፣ ጧ። ዝም፣ ጧ። ወንድሜ ፊቱን አላዞረም፤ ጆሮውን ብቻ ወደ ድምፁ አዘንብሎ ቆመ።

«ለምን ወደ ግድግዳው ያያል?» አለች ልጅቷ ለእናቷ።

እናትየው ወንድሜን ትኩር ብላ አየችው፤ ዓይኑ የት እንዳረፈ አየች። እጇን ከፊቱ አሳለፈች። አልነቃም።

«አታይም?» አለችው።

«አላይም።»

«ያኔም አታይም ነበር? ስትሠራው?»

«ደህና አድርጌ አላይም ነበር።»

«እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

ልጅቷ ነገሩ ሰልችቷት ወደ ጓሮው ተመለሰች። የሁለታችንም ጆሮ ድምፁን እስከ በሩ፣ ከዚያም እስከ ደረጃው ተከተለው። አፈሩ ላይ ስትወርድ ጠፋ።

«ሰማህ አይደል?» አለች እናትየው። «በቃ፣ ሰምተሃል። አሁን ውጣ ከቤቴ።»

ክንዱን ይዤ አወጣሁት። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ መንገዱ ላይ የጣለውን ብረት እንዳይረግጥ «ወደዚህ፣ ወደ ቀኝ» አልኩት፤ ታዘዘኝ። አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር አንድ ወጣት ተነሥቶ ለሱ ቦታ ሊለቅ «አባባ፣ ይቀመጡ» አለው። ወንድሜ አልቀመጥም አለ። ቤታችን እስክንደርስ በሁለቱም አውቶቡስ ቆሞ ሄደ።